በዲ ኤን ኤ የተሠራ ቀዳዳ፦ ተስፋውና ልኩ

ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም የሕዋስን ገለፈት የሚያልፉት ከፕሮቲን በተሠሩ መተላለፊያዎች ነው። ሊዶኬይን ሕመምን የሚያደነዝዘው፣ አምሎዲፒንም የደም ግፊትን የሚቀንሰው እነዚህን መተላለፊያዎች በመዝጋት ነው። ስለዚህ «መተላለፊያውን ራሱን ሠርተናል» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ የጤና ባለሙያን ትኩረት መሳቡ አያስገርምም። ፍሪድሪክ ሲመል፣ ሄንድሪክ ዲትዝ፣ ማይክል ማየርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት የሚለው ይህንኑ ነው።

የሥራው መሠረት ፖል ሮትመንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቁት «ዲ ኤን ኤ ኦሪጋሚ» የተባለ ስልት ነው። በዚህ ስልት ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ የተወሰደ አንድ ረጅም የዲ ኤን ኤ ክር በብዙ አጫጭር ክሮች እየተያያዘ ይታጠፍና የታቀደውን ቅርጽ ይይዛል። የሙኒኩ ቡድን በዚህ መንገድ የሠራው ቅርጽ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው 42 ናኖሜትር የሚረዝም፣ የውስጥ ስፋቱ 2 ናኖሜትር ያህል የሆነ፣ በ6 ድርብ ጥምዞች የተከበበ ግንድ ነው። ሁለተኛው በገለፈቱ ላይ የሚያርፍ በርሜል መሰል አካል ነው። አርአያውም የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ መርዝ የሆነው አልፋ ሄሞላይሲን ነው።

የጥናቱ ብልሃት በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዲ ኤን ኤ አሉታዊ ሙል የተሸከመና ውሃ ወዳድ ሲሆን የገለፈቱ መካከል ግን ቅባት ነው፤ ሁለቱ በተፈጥሯቸው አይስማሙም። ተመራማሪዎቹ በበርሜሉ የታችኛው ገጽ ላይ 26 የኮሌስትሮል ሞለኪውሎችን አያይዘው ቅርጹ ከገለፈቱ ጋር እንዲጣበቅ አደረጉ። በግንዱ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ከመለካታቸውም በላይ ነጠላ የዲ ኤን ኤ ሞለኪውሎች ሲያልፉ ፍሰቱ እንዴት እንደሚቋረጥ አሳይተዋል። ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ሂሱ የሚጀምረው ከስያሜው ነው። የተፈጥሮ የፖታሲየም መተላለፊያ ፖታሲየምን ከሶዲየም ቢያንስ 10,000 እጥፍ አስበልጦ ያሳልፋል። 2 ናኖሜትር የሚሰፋ ቱቦ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ ሊያደርግ አይችልም። አልፎ አልፎ የሚዘጋና የሚከፈት መሆኑ መታየቱም፣ ሕዋሱ ሲጠራው የሚታዘዝ በር ነው ለማለት አያበቃም። እንግዲህ የተሠራው ቀዳዳ እንጂ በረኛ ያለው በር አይደለም። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። የክሎራይድ መተላለፊያቸው የተበላሸባቸው የሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕሙማን የሚያስፈልጋቸው የሚመርጥና የሚታዘዝ በር ነው። ያልተገራ ቀዳዳ ለሕዋስ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አልፋ ሄሞላይሲን ራሱ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ያሳያል።

ሁለተኛው ነጥብ የሙከራው አካባቢ ነው። መለኪያው የተካሄደው በሰው ሠራሽ ገለፈት ላይ ነው። በሰውነት ውስጥ ግን ዲ ኤን ኤን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ፤ ብዙዎቹ የኦሪጋሚ ቅርጾች የሚጸኑበት የማግኒዥየም መጠንም በደም ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል። እነዚህ ጥያቄዎች ሳይፈቱ ስለ ሕክምና መናገር ከመረጃው መቅደም ነው።

ከዚያ በኋላ የወጡ ሥራዎች መንገዱ እንዳልተዘጋ ያመለክታሉ። የስቴፋን ሆዎርካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 የዲ ኤን ኤ ቀዳዳዎች የካንሰር ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ እንደሚገድሉ አሳየ፤ በ2016 ደግሞ የተወሰነ የዲ ኤን ኤ ክር ሲደርሰው ብቻ የሚከፈት፣ ሞለኪውሎችንም በሙላቸው የሚለይ መተላለፊያ አቀረበ። የመጀመሪያው ግኝት ስለት እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ መድኃኒት ለመሆን የታመመውን ሕዋስ ከጤነኛው መለየት ይኖርበታል። ሁለተኛው ግን የ2012ቱ ሥራ ለጎደለው መልስ መስጠት የጀመረ ነው።

የዚህ ሥራ ቅርብ ጥቅም የሚታየው በምርመራ ረገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጊኒ የኢቦላ ቫይረስ ዘረመል በኪስ በሚያዝ መሣሪያ የተነበበው በፕሮቲን ቀዳዳዎች አማካይነት ነበር። ቅርጹና ስፋቱ እንደ ፍላጎት የሚነደፍ የዲ ኤን ኤ ቀዳዳ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ተጨማሪ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የ2012ቱ ጽሑፍ እንደ መለኪያ መሣሪያ ሲነበብ ትልቅ ሥራ ነው፤ እንደ ሕክምና ሲነበብ ግን ገና መቅድም ነው። ለሕሙማን ተስፋ የሚናገር ሁሉ ሁለቱን ንባቦች ሳያቀላቅል ሊይዝ ይገባዋል።