«ተንቀሳቃሽ የቴሌስኮፕ አንቴና ማማ»፦ በአንድ የሙያ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ለጊዜያዊ መገናኛ የሚተከሉ ምሰሶዎችን አተካከል የሚያስረዳ አንድ የመመሪያ ትርጉም በረቂቅነቱ ሳለ ለመመልከት ዕድል ገጥሞናል። ተርጓሚው መሣሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ተንቀሳቃሽ የቴሌስኮፕ አንቴና ማማ» ይለዋል። ከእነዚህ አራት ቃላት መካከል ያለ ጥያቄ ሊያልፍ የሚገባው «አንቴና» ብቻ ይመስለናል። የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው አንባቢውን ወደ ሌላ ነገር ይመሩታል። አንባቢው ደግሞ በዚህ ጊዜ በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ምሁር ሳይሆን ገመድ ይዞ ከምሰሶው ሥር የቆመ ሠራተኛ ነው።

መሣሪያው ውስብስብ አይደለም። ውፍረታቸው እየቀነሰ የሚሄድ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ቱቦዎች ናቸው፤ በእጅ በሚዞር መጠቅለያና በሽቦ ገመድ፣ ወይም በታመቀ አየር እየተገፉ ይወጣሉ፤ የላይኛው ጫፍ አንቴናውን ይሸከማል። ጥቅሙ ከፍታ ነው። የእጅ ሬዲዮም ሆነ የማይክሮዌቭ ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። በሜዳማ ስፍራ 6 ሜትር ላይ የተሰቀለ አንቴና አድማሱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍታው አራት እጥፍ አድጎ 24 ሜትር ቢደርስ አድማሱ እጥፍ ሆኖ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በመታ ማግስት ከተንቀሳቃሽ ስልክ ጣቢያዎቿ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጭ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቋሚው እስኪጠገን ድረስ የነፍስ አድን ሠራተኞችን የሚያገናኘው፣ በጭነት መኪና መጥቶ በሰዓታት ውስጥ የሚተከል ምሰሶ ነው። የእሳት አደጋ ተከላካዮች፣ የጦር ሠራዊትና የሬዲዮ አማተሮችም ይገለገሉበታል።

ወደ ቃሉ እንመለስ። «ቴሌስኮፕ» ከግሪክ የመጣ፣ ሩቅ ማየትን የሚያመለክት ቃል ነው። እንግሊዞች ከእርሱ ቅጽል ያወጡት የቀድሞው የመርከበኞች መነጽር ቱቦው በቱቦው ውስጥ እየገባ የሚያጥር፣ እየወጣ የሚረዝም ስለነበረ ነው። ያ መነጽር በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ አይታወቅም። የእኛ ሰው «ቴሌስኮፕ» ሲባል የሚያስበው እንደ እንጦጦ ባለ ስፍራ ሰማይ የሚመረመርበትን መሣሪያ ነው። ይባስ ብሎ ከሰማይ አካላት የሚመጣ ሞገድ የሚቀበል የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሚባል መሣሪያ በእርግጥ አለ፤ አንቴናም አለው። ስለዚህ «የቴሌስኮፕ አንቴና» የሚለው ሐረግ ትርጉም አልባ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ችግሩ ትክክለኛ የሆነ ሌላ ትርጉም ያለው መሆኑ ነው።

አንዳንዶች «ተቀጣጣይ» የሚለውን ያቀርባሉ። አንዱ ከሌላው መቀጠሉን ለማሳየት ታስቦ መሆኑ ይገባናል፤ ይሁን እንጂ በነዳጅ በርሜል ላይ የሚጻፈውም ይኸው ቃል ነው። ከጄኔሬተር አጠገብ የቆመን የብረት ምሰሶ «ተቀጣጣይ» ማለት በእሳት አደጋ ሠራተኞች ዘንድ ሣቅ ወይም ሽሽት ከመፍጠር የሚያልፍ አይመስለንም። አንገቱን አሰገገ ከሚለው «ሰጋጊ» ማለትም ይቻላል፤ አንገት ይረዝማል እንጂ ከአካል አይለይምና አገላለጹ ከሁሉም የጠራ ነው። ሆኖም ቃሉ በተነሣ ቁጥር ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ «ተመዛዥ»ን እንመርጣለን። ሰይፍ ከአፎቱ ይመዘዛል፣ ወደ አፎቱም ይከተታል፤ ስለዚህ ለማስረዘም «መምዘዝ»፣ ለማሳጠር «መክተት»፣ ለውጭው ቱቦ «አፎት» የሚሉ ቃላት አብረውት ይመጣሉ። የተመዘዘ ሰይፍ ከአፎቱ ጨርሶ ይወጣል፣ ቱቦው ግን ሊወጣ አይገባውም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለው። ነገር ግን ሰይፍም በከፊል ይመዘዛል፤ ቱቦው እስከ የት እንደሚመዘዝ መወሰንም የመመሪያው ሥራ እንጂ የስያሜው አይደለም።

ከሁሉ የከፋው «ማማ» ነው። ገበሬው እህሉን ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቅበት ማማ በገዛ እግሮቹ የሚቆም ነው። በምህንድስናም ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ማማ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ በዙሪያው በተወጠሩ ገመዶች ተይዞ የሚቆመው ግን ሌላ ስም አለው። ረቂቁ የሚናገርለት መሣሪያ የሁለተኛው ወገን ነው። «ማማው ተተክሏል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሠራተኛ ገመዶቹን እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ ቢቆጥራቸው ሊፈረድበት አይገባም፤ ቃሉ ራሱ በእግሩ የቆመ ነገር ነው ብሎ ነግሮታልና። በገመድ ተይዞ የሚቆመው የመርከብ ምሰሶ «ደቀል» የሚል ጥንታዊ ስም አለው፤ በትርጉም ረገድ ከዚህ የተሻለ አይገኝም ነበር፣ ነገር ግን መርከብ ያላየ ሠራተኛ ቃሉን ከየት ያውቀዋል? «ምሰሶ» ይበቃል።

ገመዱን ረቂቁ «አውታር» ብሎታል። ቃሉ መልካም ነው፤ የድንኳን ገመድ በዚህ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዳሩ ግን በዘመናችን የመገናኛ ጽሑፎች «አውታር»ን ለግንኙነት መረብ ወስደውታል። እንግዲህ በአንድ ገጽ ላይ «አውታሩ ሲላላ ወዲያውኑ አስታውቁ» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንዱ ገመዱን ሲመለከት ሌላው ሬዲዮውን ይነካካል። «ወጣሪ ገመድ» ቢረዝምም አያሳስትም። «ካስማ» ግን እንዳለ ይቆይ።

«ተንቀሳቃሽ»ን በአጭሩ እንለፈው። መሣሪያው ይጓጓዛል፤ በሥራ ላይ ሳለ ግን መንቀሳቀስ የለበትም፣ በመኪና ላይ የተገጠመውም ምሰሶው እንደተመዘዘ መነዳት ፈጽሞ አይገባውም። ስለዚህ «ተጓጓዥ»።

በመጨረሻም ከስም ይልቅ ያሳሰበን አንድ ግስ አለ። ረቂቁ «ነፋሱ ከተወሰነው ፍጥነት በታች ሲሆን ምሰሶውን አቁም» ይላል፤ ከሁለት መስመር በኋላ ደግሞ «ነፋሱ ሲጨምር ምሰሶውን አቁም» ይላል። የመጀመሪያው «አቁም» ትከል፣ ሁለተኛው ግን መምዘዙን ተው ማለት ነው። ሁለቱንም አማርኛችን በአንድ ቃል መናገሩ በጨዋታ ጊዜ ውበት ነው፤ እዚህ ግን በነፋስ ውስጥ ጮኾ ለሚናገርና ግማሹን ቃል ብቻ ለሚሰማ ሰው ነው የተጻፈው። በእኛ አሳብ መመሪያው እንዲህ ቢታረም ይሻላል፦ «ነፋሱ ከተወሰነው ፍጥነት በታች ሲሆን ምሰሶውን ትከል። እያንዳንዱ አንጓ በተመዘዘ ቁጥር ወጣሪ ገመዶቹን አጥብቅ። ነፋሱ ሲጨምር መምዘዙን ትተህ ምሰሶውን ወደ አፎቱ ክተት።» «አንጓ» ያልነው ረቂቁ «ክፍል» የሚለውን ነው፤ ቃሉን ከሸንበቆ ወስደነዋል። አንቴናውን ከጫፉ ጋር ለሚያያይዘው ብረት ግን ገና የሚስማማ ስም ስላላገኘንለት፣ በሥራው ላይ ያሉ ባለሙያዎች በምን ስም እንደሚጠሩት ቢጽፉልን ደስ ይለናል።