ርእስና ማስታወሻ በድረ ገጽ አጻጻፍ ትምህርት፤ የአቀራረቡ ሂስ

ለጀማሪዎች የሚሰጠው የድረ ገጽ አጻጻፍ ትምህርት ርእስን የሚያስተዋውቀው አብዛኛውን ጊዜ ስድስቱን የርእስ ደረጃዎች ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሮ በማሳየት ነው። ተማሪውም ከዚህ የሚጨብጠው ርእስ የፊደል ማግዘፊያ መሆኑን ብቻ ነው። ይህ አቀራረብ ከመሠረቱ የተሳሳተ ስለ ሆነ ሊጤን ይገባዋል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ልጅ ስለ ርእስ ጥቅም ባዶውን አይመጣም። በብራና መጻሕፍት የክፍል መክፈቻ በቀይ ቀለም ሲጻፍ አይቷልና፣ ቀዩ መስመር አዲስ ነገር መጀመሩን እንደሚያበስር ያውቃል። ይህ ዕውቀት ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ ነገር ግን ወሰን አለው። በብራና ላይ ምልክቱ ራሱ ቀለሙ ነው፤ በድረ ገጽ ላይ ግን ምልክቱ ጸሐፊው ለመስመሩ የሰጠው የደረጃ ስያሜ ነው። ተራ አንቀጽ ቢደምቅና ቢገዝፍ ለዐይን ርእስ ይመስላል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን አንቀጽ እንደ ሆነ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ በድምፅ አንባቢ መሣሪያ የሚጠቀም ዐይነ ስውር ተማሪ ከርእስ ወደ ርእስ መሻገር ስለማይችል፣ የሚፈልገውን ለማግኘት ገጹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማዳመጥ ይገደዳል። የፊደል መጠን በቅርጽ መመሪያው ለብቻው የሚወሰን ስለ ሆነ፣ ለመጠን ሲባል ከሁለተኛ ደረጃ ወደ አራተኛ መዝለልም ተገቢ አይደለም።

የማስታወሻውም ትምህርት ጉድለት አለበት። ቃሉ «አስተያየት» ተብሎ ሲተረጎም የአንባቢ ሐሳብ መስሎ ይታያል። ማስታወሻ ግን በማዕዘን ቅንፍ፣ በቃለ አጋኖና በሁለት ጭረቶች ተከፍቶ፣ በሁለት ጭረቶችና በማዕዘን ቅንፍ የሚዘጋ፣ በገጹ ላይ የማይታይ የሠሪው ቃል ነው። ለተማሪ ከሚነገረው የአንድምታ ትርጓሜ ይልቅ በኅዳግ ላይ የሚሰፍረውን ጽሑፍ ይመስላል። ጥቅሙም የሚታወቀው መምህሩ ተዛውሮ ሌላው ሥራውን ሲረከብ ነው። «ይህ ርእስ ነው» የሚል ማስታወሻ ምንም አይጠቅምም፤ «ሠንጠረዡ በየሴሚስተሩ ይታደሳል» የሚለው ግን ተረካቢውን ከድካም ያድነዋል። ሆኖም የገጹን ምንጭ የከፈተ ሁሉ ስለሚያነበው፣ የይለፍ ቃልም ሆነ የተማሪ ምስጢር ሊጻፍበት አይገባም።

እንግዲህ ትምህርቱ ከኮምፒዩተሩ በፊት በወረቀት ቢጀመር ይበጃል። «የሰሜን ሸዋ መልክዐ ምድር» አንደኛ ደረጃ ርእስ ይሁን፤ «ደጋ»ና «ወንዞች» ሁለተኛ፤ በደጋው ሥር «ጓሳ»፣ በወንዞቹ ሥር «ጀማ»ና «ወንጪት» ሦስተኛ ይሁኑ። ተማሪው እያንዳንዱ ርእስ በየትኛው ሥር እንደሚውል አስረድቶ፣ ለሚረከበው ጓደኛው አንድ ማስታወሻ በኅዳጉ ይጻፍ። ይህን የቻለ ተማሪ የምልክቶቹን አጻጻፍ ለመልመድ አይቸገርም፤ ምልክቶቹን ብቻ የሸመደደው ግን ለዐይን ያማረ፣ ለአንባቢና ለተረካቢ የማይመች ገጽ መሥራቱን ይቀጥላል።