ግፊትን ለማውረድ መጀመሪያ በትክክል መለካት

በደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ከሁሉ ቀላል ተደርጎ የሚታየው ሥራ መለካት ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጠነቀቅለት እሱን ነው፤ በተለይ ታካሚው ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይበልጥ የተጋለጠ ሲሆን።

የላይኛው ግፊት 145 ሆኖ ሁለት ሰዎች ሊመጡ ይችላሉ። አንደኛዋ ሌላ ሕመም የሌለባት የ35 ዓመት ሴት ናት። ሁለተኛው ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ኩላሊታቸው የደከመ የ68 ዓመት አዛውንት ናቸው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም አደጋው አንድ አይደለም። እሳቸው ግፊታቸው በወረደ ቁጥር የሚያተርፉት ከእሷ እጅግ ይበልጣል።

እንደ እሳቸው ለተጋለጡ ሰዎች ግፊትን አጥብቆ ማውረድ እንደሚጠቅም ያሳየው በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው የአሜሪካኖቹ ስፕሪንት ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ስኳር የሌለባቸውና ስትሮክ ያልመታቸው፣ ለልብ ሕመም ግን የተጋለጡ 9,361 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ከ140 በታች ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ27 ከመቶ ቀንሷል። በሌላ በኩል ግፊት ከልክ በላይ መውረድ፣ ራስን መሳትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በእነሱ ላይ በዝቶ ታይቷል።

ብዙዎቻችን 120 የሚለውን ቁጥር ይዘን አለካኩን ረስተነዋል። በጥናቱ ታካሚው 5 ደቂቃ አርፎ ከተቀመጠ በኋላ በአውቶማቲክ መሣሪያ ሦስት ጊዜ ይለካና አማካዩ ይያዝ ነበር። በእኛ ክፍል ደግሞ ታካሚው ከሰልፍ እንደወጣ፣ ክንዱን ከልብሱ ሳያወጣ፣ ሽንቱ ወጥሮት፣ እያወራ ይለካል። እነዚህ ሲደማመሩ ቁጥሩን በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ያደርጉታል። በዚህ የተጋነነ ቁጥር መድኃኒት እየጨመርን 120ን ብናሳድድ አዛውንቱ ከአልጋቸው ሲነሱ ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ አስቀምጬ አሳርፋለሁ፤ ጀርባቸው ይደገፋል፣ እግራቸው መሬት ይረግጣል፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። መድኃኒት ከመጨመሬ በፊትም አስቁሜ እለካለሁ። የላይኛው በ20 ከወረደ መጣደፌን አቆማለሁ።

ቀጥሎ ጥያቄ አለ። «ክኒኑን ይውጣሉ?» ብዬ ከጠየቅኩ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «እግርዎ አብጧል? ደረቅ ሳል ይዞዎታል?» ስል ግን እውነቱ ይወጣል። የመጀመሪያው አምሎዲፒን ከተባለው የግፊት መድኃኒት፣ ሁለተኛው ኢናላፕሪል ከተባለው ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱም መላ አላቸው። በጾም ወቅትም የጠዋቱን ክኒን የሚተዉ አሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሪታንያ ታይም ጥናት የጠዋትና የማታ አወሳሰድ የልብ ሕመምንና ስትሮክን በመከላከል ልዩነት እንደሌላቸው ስላሳየ፣ ክኒኑን ወደ ማታ አዛውራለሁ። የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ግን እንቅልፍ እንዳይነሳቸው የዕለቱን ጾም እንደፈቱ ወዲያው እንዲወስዱት እመክራለሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት ታካሚውን አሳርፋችሁ ድገሙና ለኩ። ታካሚዎቻችንም፣ ምንም ባያማችሁም መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የሚያስቸግራችሁ ነገር ካለ ቀጠሯችሁን ሳትጠብቁ መጥታችሁ ንገሩን።