የቃል ተውራት መነሻና ሥልጣን፦ የሸሪራ ጋኦን መልእክት ሂሳዊ ንባብ

ስለ አይሁድ ሃይማኖት በመድረሳዎቻችን ሲወሳ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ብያኔ አለ። አይሁድ ከተጻፈው ተውራት ውጭ የያዙት ሁሉ ረቢዎች ከጊዜ በኋላ የፈጠሩት ነው፤ ኢስናድ ስለሌለው ሥልጣንም የለውም ይባላል። ብያኔው አጭርና ለማስታወስ የሚቀል በመሆኑ ከመምህር ወደ ደረሳ ያለ ምርመራ ይሻገራል፤ አልፎ አልፎም በጁሙዓ ኹጥባ እንሰማዋለን። በዚህ ጽሑፍ ብያኔውን የምንፈትነው አይሁድ ራሳቸው ስለ ጉዳዩ ከጻፏቸው ሰነዶች ቀዳሚውን ስፍራ በያዘው፣ በሸሪራ ጋኦን መልእክት ነው። ለረቢዎች ጥብቅና የመቆም ሐሳብ የለንም። የምናነሣው ሚዛን ግን ሐዲስንና ፊቅህን በሚነቅፉ ሰዎች እጅም የሚገኝ ስለሆነ፣ ስንመዝን እጃችን እንዳያዳላ እንፈልጋለን።

በረቢዎች አስተምህሮ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በሲና ተራራ የተቀበሉት ተውራት ሁለት ነው፤ አንደኛው በጽሑፍ የሰፈረው፣ ሁለተኛው ከአፍ ወደ ጆሮ የተላለፈው። ሁለተኛው የቃል ተውራት ይባላል። ከዚህ ትውፊት የተሰበሰበው የመጀመሪያው ትልቅ ድርሳን ሚሽና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ በገሊላ በረቢ ይሁዳ ሃናሲ የተዘጋጀ፣ ስድስት ክፍሎችና 63 ንዑስ መጻሕፍት ያሉት ነው። በሚሽና ላይ የተካሄደው የብዙ ትውልድ ውይይት በፍልስጤምና በኢራቅ ሁለት ተልሙዶችን አስገኝቷል።

ከሚሽና በፊት ስለነበረው ሁኔታ ከምናገኛቸው ምስክሮች አንዱ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ነው። ፈሪሳውያን በሙሳ ሕግ ውስጥ ያልተጻፉ፣ ከአባቶች የተቀበሏቸውን ብዙ ሥርዓቶች ለሕዝቡ ማስተላለፋቸውን፣ ሰዱቃውያን ግን እነዚህን አለመቀበላቸውን ያወሳል። በዚህ ቦታ ጆሴፈስ ሥርዓቶቹን ወደ አባቶች ያስጠጋቸዋል እንጂ ወደ ሲና አያደርሳቸውም። በሚሽና ውስጥ አቦት የተባለው ክፍል ነው ከሙሳ ጀምሮ በኢያሱ፣ በሽማግሌዎችና በነቢያት በኩል እስከ ሂሌልና ሻማይ የሚወርድ ሰንሰለት የሚዘረጋው። ይህም ሰንሰለት ቢሆን በየዘለበቱ የሚጠቅሰው ምክርና ተግሣጽ እንጂ የሕግ ድንጋጌ አይደለም። የሐዲስ ተማሪ ሲያነበው መትን የሌለው ኢስናድ ያየ ይመስለዋል።

የሸሪራ መልእክት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ987 (በ377 ሂጅራ ገደማ) ነው። ሸሪራ የፑምበዲታ የትምህርት ቤት መሪ ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱ የቀድሞ ስሙን እንደያዘ በዚያን ዘመን ወደ ባግዳድ ተዛውሮ ነበር። ጥያቄው የመጣላቸው ከቀይረዋን፣ በያዕቆብ ኢብን ኒሲም አማካይነት ነው። ጥያቄዎቹ የደፋር ተማሪ ጥያቄዎች ናቸው። ሚሽና እንዴት ተጻፈ? የጥንቶቹ በየዘመናቸው ጥቂት ጥቂት እየጻፉ ረቢ ይሁዳ ፈጸመው? እንዲያ ከሆነ በውስጡ ስማቸው የሚጠራው ሊቃውንት አብዛኞቹ የኋለኞች፣ በተለይም የረቢ ዓቂባ ደቀ መዛሙርት የሆኑት ለምንድን ነው? የጥንቶቹስ ይህን ያህል ነገር ለኋለኞቹ ስለ ምን ተዉላቸው?

ከጥያቄው ጀርባ የቀራኢዮች ነቀፋ እንዳለ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ከስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐናን ኢብን ዳዊት ጋር ስሙ የሚያያዘው ይህ ወገን የረቢዎችን ትውፊት ሥልጣን የሚክድ ነበር፤ በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዕቆብ አል-ቂርቂሳኒ ነቀፋውን በዐረብኛ በሰፊው ጽፎታል። እኛ ሌላም ነገር እንገምታለን። ቀይረዋን የኢማም ሰሕኑን ከተማ ናት። ሙደወና ከሰሕኑን ከኢብኑል ቃሲም ከማሊክ እየተባለ በሚነበብባት ከተማ የሚኖር አይሁዳዊ፣ የእናንተስ ከማን ነው የሚለው ጥያቄ ከጎረቤቱ ባይሰነዘርበት እንኳ በራሱ ልብ መነሣቱ አይቀርም።

የሸሪራ መልስ ፍሬ ነገር አንድ ልዩነት ላይ ያርፋል። ትርጉሙ ጥንታዊ ነው፣ ቃላቱ ግን የኋለኞች ናቸው። እንደ እሳቸው አባባል ቀደምቶቹ በሐሳብ አንድ ስለነበሩና ልዩነት ስላልነበራቸው ስማቸውን ለይቶ ማቆየት አላስፈለገም፤ እያንዳንዱ መምህር አንዱን ትምህርት በራሱ አነጋገር ለደቀ መዛሙርቱ ያስተምር ነበር። የሂሌልና የሻማይ ተማሪዎች ሲበዙ፣ መቅደሱም ሲፈርስ ልዩነት ሰፋ፤ ረቢ ይሁዳም ቃሉን በአንድ መልክ አጸኑት። የሐዲስ ዑለማእ ሪዋያ ቢል-መዕና የሚሉትን የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ አይከብደውም። ክርክሩ ብልህ ነው፤ የስሞችን መጥፋት የስምምነት ማስረጃ ያደርገዋልና። ግን ስም ያልተላለፈው ልዩነት ስላልነበረ ነው ወይስ ተላላፊ ስላልነበረ? መልእክቱ ይህን የሚያስለይ ነገር አይሰጠንም። ለሁለቱም እኩል የሚስማማ ማስረጃ ደግሞ ለአንዳቸውም ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በዋናው ጥያቄ ላይ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መልእክቱ በሁለት ቅጂዎች ደርሶናል፤ "የስፔን" በሚባለው ረቢ ይሁዳ ሚሽናን እንደ ጻፉት ይነገራል፣ "የፈረንሳይ" በሚባለው ግን እንዳልተጻፈና በቃል ይጠና እንደነበረ። ቢንያሚን ሌዊን በ1921 ሁለቱን ጎን ለጎን አሳትሟቸዋል፤ የኋለኞቹ ተመራማሪዎችም በአብዛኛው አለመጻፉን ወደሚናገረው ያዘነብላሉ። ትውፊት እንዴት እንደ ተጠበቀ ሊያስረዳ የተጻፈ ደብዳቤ ራሱ በዚህ ነጥብ ላይ ለሁለት መከፈሉ ለነቃፊ ጥሩ መሳቂያ ነው። ይሁንና ከመሳቃችን በፊት የኸጢብ አል-ባግዳዲን ተቅዪዱል ዒልም እናስታውስ። ሐዲስ መጻፍን የሚከለክሉና የሚፈቅዱ ዘገባዎችን ጎን ለጎን የሰበሰበልን የራሳችን ኢማም ነው። ተልሙድም በቃል የተሰጠውን በጽሑፍ ማስፈር አይገባም የሚል ክልከላ ይዟል። ጀርመናዊው ግሬጎር ሾለር በ1989 ሁለቱን ትውፊቶች በዚህ ረገድ አነጻጽሮ ተመሳሳይነቱ ከአጋጣሚ በላይ መሆኑን አሳይቷል።

የመልእክቱ ሁለተኛ ክፍል የትውልዶችና የትምህርት ቤት መሪዎች ዝርዝር ነው። ወደ እስላማዊው ዘመን በቀረበ ቁጥር ስሞቹና ዓመታቱ ይጠራሉ። ለእኛ የሚጥመው አንድ ቦታ አለ። ዐሊ ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ፌሩዝ ሻቡርን፣ ማለትም አንባርን፣ በያዙ ጊዜ የአይሁድ ሊቅ የነበሩት ረቢ ይስሐቅ ወጥተው እንደተቀበሏቸውና ዐሊም በአክብሮት እንደተቀበሏቸው ይተርካል። አንባርን በ12 ሂጅራ የከፈቱት ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) መሆናቸውን ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ያወሳሉ። ዐሊ ወደ ሲፊን ሲዘምቱ በአንባር ማለፋቸውና ነዋሪዎቹ ወጥተው መቀበላቸው ግን የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ታሪኩ መሠረት ያለው፣ "መክፈት" የሚለው ቃል ግን የተቀላቀለበት ይመስለናል። ከ300 ዓመት በላይ ባለፈ ነገር ይህን ያህል የጠበቀ ትዝታ፣ ከሂሌል በፊት ስላለው ሺህ ዓመት የሚለው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ክፍተት ቀድመው ያዩት ኢብን ሐዝም (456 ሂጅራ የሞቱት) ናቸው። አል-ፊሰል በተባለው ድርሳናቸው የአይሁድን አስተላለፍ ሙርሰልና ሙዕደል በሆኑት መደብ ያስቀምጡታል፤ ሰንሰለቱ እስከ ሸምዑንና መሰሎቹ ደርሶ እንደሚቆም፣ ከዚያ እስከ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከሠላሳ ትውልድና ከ1500 ዓመት በላይ እንደሚቀር ይናገራሉ። ለካቸው ትክክል ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙሳ ኢብን መይሙን ከራቭ አሺ እስከ ነቢዩ ሙሳ አርባ ትውልድ ቆጥሮ ሰንሰለቱን በስም ሞላው፤ ግን ሸሪራ በ987 ያልሰጡትን ስም ከ190 ዓመት ገደማ በኋላ ሲሞላ ማየት ጥርጣሬን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ደግሞም ዮሴፍ ሻኽት በ1950 በታተመ መጽሐፉ በእኛ ኢስናዶች ላይ ያነሣው ክስ ይኸው ነው፤ ኢስናድ ወደ ኋላ ያድጋል የሚል። እኛ ለሻኽት የምንመልሰው የሪጃል ምርመራን፣ የመንገዶችን ብዛትና የተላላፊዎችን መገናኘት በማስረዳት ነው። አይሁድ ተመሳሳይ መልስ ቢያቀርቡ እንመረምረው ነበር። በዚህ መልክ አላቀረቡም። ለምን?

እዚህ ላይ ነው የተለመደው ብያኔ የሚስተው። የረቢዎች ሥልጣን መሠረቱ ሰንሰለቱ አይደለም። በተልሙድ ሙሳ ወደ ረቢ ዓቂባ ጉባኤ ገብተው በመጨረሻው ረድፍ እንደተቀመጡ፣ የሚባለውን ሳይረዱ ቢያዝኑም ዓቂባ ይህ ለሙሳ ከሲና የተሰጠ ሕግ ነው ሲሉ ሰምተው እንደተጽናኑ የሚተርክ ክፍል አለ። በሌላው ታሪክ ረቢ ኤሊዔዘር ለአንድ የምድጃ ጥያቄ ተአምር ያሳያሉ፣ ከሰማይም ድምፅ ያግዛቸዋል፤ ጉባኤው ግን ሕጉ ከእንግዲህ በሰማይ እንዳልሆነ ገልጾ በብዙኃኑ ድምፅ ይወስናል። እነዚህን ትረካዎች እንደ ታሪክ አንቀበላቸውም፤ በነቢይ ላይ የሚነገረውን ያህል አደብ የጎደለው ሆኖም እናገኘዋለን። ነገር ግን ሰዎቹ ስለራሳቸው የሚያውቁትን ይነግሩናል። የሚሽና ሊቃውንት ራሳቸውን ከራዊዎች ይልቅ እንደ ሙጅተሂዶች ያያሉ። ትክክለኛው ንጽጽር እንግዲህ ከቡኻሪ ሰሒሕ ጋር ሳይሆን ከፊቅህ ጋር፣ ከቂያስና ከኢጅማዕ ጋር ነው። ሙሳ ኢብን መይሙንም ልዩነት የተነሣበት ነገር ከሲና የተላለፈ አይደለም ብሎ መለየቱ ወደዚሁ ያመራል።

ይህ ከታወቀ የኢብን ሐዝም ትችት ሌላ ፊት ይይዛል። እሳቸው ዛሂሪ ናቸው፤ ቂያስን ይክዳሉ፣ የመዝሀብ ኢማሞችን መከተልን ይነቅፋሉ። ረቢዎችን የሚወጉበት ጦር አቡ ሐኒፋንና ማሊክን ከወጉበት ጋር አንድ ነው። በሻፊዒይ ወይም በሐነፊ መዝሀብ የሚያስተምር የወሎ ወይም የሐረር ሸይኽ ይህን ጦር ከመዋሱ በፊት በሌላኛው ጫፍ ማን እንደቆመ ማየት ይኖርበታል። ረቢዎችን መንቀፍ እንችላለን። ለምሳሌ የኢጅቲሃድን ውጤት ወደ ወሕይ ደረጃ ማስጠጋታቸው እውነተኛ ጉድለት ነው፤ የእኛ ፉቀሃእ ሙጅተሂድ ይሳሳታልም ያገኛልም ብለው ይህን በር ዘግተዋል። ይህ ግን ኢስናድ የላቸውም ከሚለው ፍጹም የተለየ ነቀፋ ነው።

የቃል ተውራት ሥልጣን ከሰንሰለት ይልቅ በማኅበር ላይ እንደሚቆም በአገራችን ልጆች ታሪክም ታይቷል። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ ይዘው፣ በቄሶቻቸው እየተመሩ፣ ሚሽናንና ተልሙድን ሳያውቁ ኖረዋል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካይሮው ዳዊት ኢብን ዚምራ አይሁድነታቸውን ሲያጸድቅ፣ የቃል ሕጉን አለማወቃቸውን ተማርኮ በባዕዳን መካከል ካደገ ሕፃን ጋር አመሳስሎታል፤ በ1973 ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በዚሁ ፍርድ ተመርኩዘዋል። ሆኖም እስራኤል ከደረሱ በኋላ የረቢዎቹ መሥሪያ ቤት ለጥንቃቄ በሚል የመነከር ሥርዓት ስለጠየቃቸው በ1985 በኢየሩሳሌም ለሳምንታት የቆየ ተቃውሞ አድርገዋል። እዚያ ማንም ስለ ኢስናድ አልተከራከረም፤ ጥያቄው የማን ጉባኤ ይወስናል የሚል ነበር።

ወደ ራሳችን ምንጮች ስንመለስ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው "መስናት" የሚለው ቃል ነው። ኢብን ሰዕድ እንደዘገቡት ዑመር (ረ.ዐ.) የተጻፉ ሐዲሶችን አስመጥተው ባቃጠሉ ጊዜ የኪታብ ባለቤቶች መስናት ብለው ጠርተዋል፤ አቡ ዑበይድም ቃሉን የበኒ ኢስራኢል ሊቃውንት ከሙሳ በኋላ ያዘጋጁት መጽሐፍ ብለው ይፈቱታል። ቃሉ ከሚሽና ጋር መዛመዱ ግልጽ ነው። ዘገባውን ከዑመር የሚያወሩት አል-ቃሲም ኢብን ሙሐመድ ግን ዑመርን አልደረሱም፤ ሰንሰለቱ ሙንቀጢዕ ነው። አይሁድ ኢስናድ የላቸውም ለማለት የተቆረጠ ኢስናድ የሚጠቅስ መምህር ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። በሱረቱል ማኢዳ 32ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ መግደል ሰውን ሁሉ እንደ መግደል መሆኑን በበኒ ኢስራኢል ላይ መደንገጉን፣ ከአደም ልጆች ታሪክ ቀጥሎ ይነግረናል። ይህ ቃል በአምስቱ የተውራት መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው በሚሽና፣ ሳንሄድሪን በተባለው ክፍል፣ ያውም በአደም ልጆች ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከታተሙት ሚሽናዎች ብዙዎቹ ቃሉን ለእስራኤል ነፍስ ብቻ ሲያጠቡት፣ ከቀደምት የእጅ ጽሑፎች ታላላቆቹ እንደ ቁርኣን ሁሉንም ነፍስ ያጠቃልላሉ። አብርሃም ጋይገር በ1833 ይህን ይዞ ቁርኣን ከረቢዎች ወሰደ ብሏል። የቃል ተውራት በሙሉ የረቢዎች ፈጠራ ነው የሚል መምህር ለጋይገር መልስ አይኖረውም፤ ቁርኣን የአላህ ድንጋጌ ያለውን እሱ የሰው ፈጠራ ብሎታልና። ከነቢያት ትምህርት ያልተጻፈ ቅሪት በበኒ ኢስራኢል አፍ ተጠብቆ ሊደርስ እንደሚችል፣ ከሰው ቃልም ጋር ተቀላቅሎ እንደሚገኝ የሚያምን ግን መልሱ በእጁ ነው፦ ቁርኣን ድንጋጌው አስቀድሞ ለበኒ ኢስራኢል የተሰጠ መሆኑን ራሱ ተናግሯል፤ እውነቱን ከቅልቅሉ የመለየት ሥልጣንም የእሱ እንጂ የረቢዎች ጉባኤ አይደለም።