የአናጢው አራት ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ1976 በኒውዮርክ ግዛት፣ ናያጋራ ፎልስ ከተማ አራት መኪኖች ተጋጩ። ከተጎጂዎቹ አንዱ የ48 ዓመት አናጢ ነበር። አንገቱና ወገቡ ቢጎዳም ሆስፒታል አልተኛም፤ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ ታዘዘለት። ብዙም ሳይቆይ ግን አእምሮው ታወከ። ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ ፀጉሩን መቆረጥ፣ ጢሙን መላጨት፣ ገላውን መታጠብ እምቢ አለ። ካሣ ተጠይቆም ክስ ተመሠረተ።

«ድሮም ነበረበት!»

እንዲህ ባለው ክስ የተከሳሽ መልስ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። እውነትም ነው፤ የአናጢው ስኪዞፍሬኒያ ከግጭቱ በፊት አድፍጦ ነበር። ጀማሪ ጠበቃ ይህን ሲሰማ የቆየውን ሕመም መሸፋፈን ይቃጣዋል። ከዚህ የባሰ ስህተት የለም፤ በመስቀለኛ ጥያቄ የወጣ ቀን የደንበኛውን ቃል ሁሉ ይዞት ይወድቃል። የአናጢው ወገን ግን ሕመሙን ራሱን የክሱ ምሰሶ አደረገው።

ሰውየው ከግጭቱ በፊት በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ወወክማ ገብቶ ብረት ያነሳ ነበር። ለዚህ ጊዜ እንዲተርፈው ብሎ ቋሚ ሥራ እንኳ አልያዘም። ሥዕል ይሥላል፣ ጊታር ይጫወታል። እናቱና እህቱ በካንሰር ስለሞቱ ሐኪም ይፈራል፤ የፈረጠመ ሰውነቱ ከበሽታ መሸሸጊያው ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሲመሰክር ሕመሙን አፍኖ የያዘው ይኸው ልፋት እንደነበር፣ ግጭቱም ይህን እንደነጠቀው አስረዳ። ጁሪው 500,000 ዶላር ፈረደ። ዳኛው ውሳኔውን ሻሩት፤ በ1984 ይግባኝ ሰሚው መልሶ አጸናው።

ተከሳሽ ግን ባዶ እጁን አይቀርም። ስመ ጥሩው ዳኛ ሄንሪ ፍሬንድሊ በ1970 የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ቀርቦላቸው ነበር። ከመኪና ግጭት በኋላ ስኪዞፍሬኒያ ያዛት። ግጭቱ ሕመሙን ከቀሰቀሰው ተከሳሹ እንደሚጠየቅ ገለጹ፤ ሆኖም ያለ ግጭቱም ልትታመም ትችል እንደነበር ከታየ ካሣው ሊቀነስ እንደሚችል አከሉ። የገንዘቡ ትግል እዚህ ላይ ነው፤ ሐኪሞች በ«ሳይሆን አይቀርም» እና በ«ሊሆን ይችላል» መካከል ሲወዛወዙ ከካሣው ይሸራረፋል።

ስለዚህ በሥራው የበሰለ ጠበቃ ከሐኪም ወረቀት በፊት የደንበኛውን ጎረቤት ይፈልጋል። ማን አብሮት ብረት አነሳ? በስንት ሰዓት ይነሳ ነበር? ፀጉሩንስ የት ይቆረጥ ነበር? ደንበኛው ቤት ሲሄድም ጊታሩ ግድግዳው ላይ መኖሩን፣ አቧራ መልበሱንም ያያል።