ሁለት ቁጥሮችን በድምርና በብዜት ስለ መፈለግ፦ ከደቡብ ኦሞ ትምህርት ቤቶች ሁኔታ አንጻር የቀረበ ሂስ

«ድምራቸው 10፣ ብዜታቸው 21 የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ።» በ9ኛ ክፍል ኳድራቲክ እኩልታን መፍታት የሚለመደው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። የተለመደውም መንገድ የ21ን አካፋዮች በጥንድ በጥንድ ዘርዝሮ ድምራቸውን መሞከር ነው። ሙከራው በራሱ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው ያለ ምክንያት ብቻውን መቅረቡ ነው። ብዜቱ 20 ቢሆንም 30 ቢሆንም ተማሪው ዝርዝሩን ጨርሶ ባዶ እጁን ይቀራል። የሁለቱ ባዶነት ግን አንድ አይደለም፤ ይህንንም የሚለይበት መሣሪያ አልተሰጠውም።

ጉድለቱ በጂንካና በአካባቢዋ ይብሳል። በደቡብ ኦሞ አሪኛ፣ ሐመርኛ፣ ዳሰነችኛ፣ ሙርሲኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። ከቤቱ ባላመጣው ቋንቋ ለሚማር ልጅ ምክንያቱ በዓይንና በእጅ ካልታየ በቃል ብቻ አይጨበጥም።

ለዚህ ሃያ አምስት የበቆሎ ፍሬ ይበቃል። ፍሬዎቹ አምስት በአምስት ይደርደሩ። አንዱ ረድፍ ተነሥቶ በቀሩት አራት ረድፎች ጫፍ አንድ አንድ ፍሬ ቢጨመር 4 በ6 ይሆንና አንድ ፍሬ ይተርፋል። ሁለት ረድፍ ተነሥቶ ለቀሩት ሁለት ሁለት ቢጨመር 3 በ7 ሆኖ 4 ይተርፋል፤ ሦስት ቢነሣ 2 በ8 ሆኖ 9 ይተርፋል። ድምሩ ሁልጊዜ 10 ነው፤ ትርፉ ግን 1፣ 4፣ 9 እያለ በካሬ ቁጥሮች ይሄዳል።

ሥርዐቱ ከዚሁ ይወጣል። የድምሩ ግማሽ በራሱ ይባዛል፣ ብዜቱ ይቀነሳል፣ የቀረው የየትኛው ቁጥር ካሬ እንደሆነ ይታያል፤ ያም ቁጥር ከግማሹ ላይ አንድ ጊዜ ይደመራል፣ አንድ ጊዜ ይቀነሳል። አንድ የአሪ ገበሬ 117 የቡና ችግኝ በእኩል መስመሮች ተክሎ የመስመሮቹ ብዛትና በአንድ መስመር ያሉት ችግኞች ተደምረው 22 ቢሆኑ፣ የ11 ካሬ 121 ነው፤ 117 ሲቀነስ 4 ይቀራል፤ 4 የ2 ካሬ ስለሆነ ቁጥሮቹ 13 እና 9 ናቸው። ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ ብዜቱ 20 ሲሆን ትርፉ 5 ነው፤ ቁጥሮቹ አሉ፣ ሙሉ ቁጥሮች ግን አይደሉም። 30 ሲሆን ግን በሪያል ቁጥሮች ዘንድ ጨርሶ አይገኙም፤ ከ25 ፍሬ 30 አይወጣምና።

መንገዱ ጥንታዊ ነው፤ ከ3,500 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ይህን መሰል ጥያቄ በዚሁ ስልት ፈትተዋል። በእኛም ትምህርት «ካሬን ማሟላት» በሚል ስም በኋላ ይመጣል። ቅሬታችን ሁለቱ እንደ ባዕዳን ተለያይተው መቅረባቸው ነው። ለዕቅድ አውጪዎች የሚያስከትለው ወጪ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይበልጥም።

ድምሩ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን ግማሽ መግባቱ ያስቸግራል፤ ይህም መሸሸግ የለበትም። ድምሩ 11፣ ብዜቱ 28 ቢሆን፣ ከ121 ላይ የብዜቱ አራት እጥፍ 112 ይቀነስ፤ የቀረው 9 የ3 ካሬ ነው፤ 3ም የቁጥሮቹ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ 7 እና 4። ይህን ማስተማር የሚገባው ግን ፍሬው ከተደረደረ በኋላ ነው።