ንጹሑ ሌባ

በጋራ በሚተረክ ጨዋታ ውስጥ በጥባጭ ገጸ ባሕርይ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከሌባው ነው። ሌባ፣ ቀጣፊ፣ ሰካራም፣ ከሃዲ... «የቤተ ክርስቲያን ወጣት እንዲህ ያለ ሰው ሆኖ ይጫወታል ወይ?» ይባላል። እኔ ግን ጥያቄው በተሳሳተ በር የገባ ይመስለኛል። ጨዋታ የሚያፈርሰው ኃጢአተኛው ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ ተግሣጽ የማይደርስበት ገጸ ባሕርይ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ፦ አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል፤ ቦታውንና የሚገጥመውን ነገር ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው ይይዛሉ፤ «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፣ «እኔ ከኋላ እጠብቃለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥረውን ዳይስ ይወስናል። አሸናፊ የለም፤ አንድ ታሪክ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው ታዋቂ ጨዋታ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲሆን፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። በ1980ዎቹ በዚያ አገር ብዙ አማኞች ከጥንቆላ ጋር አያይዘው አጥብቀው ተቃውመውታል። ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ስለ ነገሥታትና ስለ አስማት የማይተርክ፣ እኛው ራሳችን የፈጠርነው ታሪክ ቢሆንም እንኳ የሌባው ጥያቄ ይከተለናል።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ማርጋሬት ዋይስና ትሬሲ ሂክማን በ1984 እ.ኤ.አ. ማሳተም በጀመሩት «ድራገንላንስ» በተባለው ተከታታይ ልብ ወለድ ውስጥ ታስልሆፍ የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። ኬንደር ከተባለ ትንንሽ ሕዝብ ወገን ነው። ኬንደሮች ፍርሃት አያውቁም፤ «የእኔ» እና «የአንተ» የሚለውንም አይለዩም። የጓደኛው ቢላዋ ኪሱ ውስጥ ሲገኝ ታስልሆፍ ከልቡ ይደነቃል፤ ወድቆ አግኝቶት ሊመልስለት ነበር። ሂክማን አጥባቂ አማኝ ነው። የሌቦች ዘር መፍጠር ስላልተመቸው፣ የሚሰርቁት ከክፋት ሳይሆን ከየዋህነት የተነሣ እንዲሆን አደረገ።

በወረቀት ላይ ይህ ሰምሯል። ታስልሆፍ ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ የሚወደድ ነው። የሚወደድበት ምክንያት ግን ፍሊንት ነው። ሽማግሌው አንጥረኛ ፍሊንት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጮህበታል፣ ይረግመዋል፣ ያባርረዋል፤ አንባቢው ግን ከጩኸቱ በስተጀርባ ያለውን ፍቅር ያያል። ፍሊንት ሲሞት የታስልሆፍ ልቅሶ ከመጽሐፉ ምርጥ ክፍሎች አንዱ ነው። ልብ በሉ፦ የሰራቂውንም የተሰራቂውንም ልብ የያዙት ደራሲዎቹ ናቸው። ፍሊንት ምን ያህል እንደሚቆጣና መቼ እንደሚበርድለት የወሰኑት እነርሱ ናቸው።

በጨዋታ ላይ ፍሊንትን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ይቅር እንዲል የሚያዝለት ደራሲ የለም። ልብ ወለዱ ከጨዋታው ጋር አብሮ የተሠራ ስለነበር ብዙ ወጣቶች ኬንደር ሆነው ለመጫወት ተቀመጡ፤ እስከ ዛሬም ኬንደር በብዙ ተጫዋቾች ዘንድ የተጠላ ነው። የሂክማን ሐሳብ መልካም ነበር፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ጥፋቱን የሚያውቅ ሌባ ሊያዝ ይችላል፣ ሊያፍር ይችላል፣ እንደ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ሊመልስ ይችላል። ጥፋቱን የማያውቀው ሌባ ግን ምን ይባላል? ብትቆጡት ክፉዎቹ እናንተ ናችሁ። ንጽሕናው ጋሻ ሆኖለታል። ከጋሻው ጀርባ ደግሞ ጥፋቱን አሳምሮ የሚያውቅ ተጫዋች ተቀምጦ «ምን ላድርግ፣ የገጸ ባሕርዬ ጠባይ ነው» ይላል።

ነገሩን ወደ እኛ አገር እናምጣው። በአዳማ በአንድ ግቢ ስድስት ወጣቶች ተቀምጠው የሲራራ ነጋዴዎችን ታሪክ እየተጫወቱ ነው እንበል። በቅሎዎቹ አሞሌ ጨው ጭነዋል፤ አዋሽን መሻገር አለባቸው፤ ከወንዙ ማዶ ቀረጥ የሚያበዛ ኬላ ጠባቂ አለ። ከስድስቱ አንዱ ሌባ ነው። ሌባው በሌሊት ተነሥቶ የኬላ ጠባቂውን ቁልፍ ቢሰርቅ ስድስቱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ቢያዝም ባይያዝም ታሪኩ የሁሉም ነው። ያው ሌባ፣ በያው ሌሊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችውን ልጅ አሞሌ ቢሰርቅ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። አራቱ ይስቃሉ፤ እርሷም ፈገግ ትላለች፤ አዲስ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል? በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም። ለምን እንደቀረችም የሚጠይቃት አይኖርም፤ «ጨዋታው አልተስማማትም» ይባላል። ሌባው በሁለቱም ጊዜ ሌባ ነው። የተለየው የተሰረቀው ሰው መልስ የመስጠት አቅም ነው።

የእኛ ባህል ለበጥባጭ ቦታ አይነፍግም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ሎሌው ዱላውን ይዞ ጌታውን ይጋፋል፣ ይሰድባል፤ ግን ጌታውም ዱላ ይዟል፣ ሜዳውም የሁለቱ ነው፣ ቀኑም ይመሻል። አለቃ ገብረ ሃናንም አስቡ። በስማቸው በሚነገሩት ቀልዶች ስንስቅ የምንስቀው ነገሩ በአብዛኛው የሚያርፈው በባለሥልጣንና በባለጸጋ ላይ ስለሆነ ነው። ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ማዘንጊያ አሉ፤ እርሳቸውም ዝም ብለው የሚሰሙ ሴት አይደሉም። (አንዳንድ ሰው የአለቃን ቀልድ ሲያወራ የማዘንጊያን መልስ ይዘልለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ኬንደር ሆኖ መጫወት ይወድዳል ብዬ እጠረጥራለሁ።)

በፋሲካ ድራማችን ይሁዳን የሚጫወት አናጣም። የሚከራከርበትም የለም፤ ሁሉም ጽሑፉን አንብቦ፣ የሚሆነውን አውቆ ነው መድረክ ላይ የሚወጣው። ጽሑፍ በሌለበት ጨዋታ ያ ስምምነት በአፍ መደረግ አለበት። «ሌባ ልሆን ነው፤ ካንቺ ልሰርቅ እችላለሁ፤ ይሁን?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። «ከጠየቅሁማ ምኑ ተሰረቀ» የሚል ይኖራል። ገጸ ባሕርይዋ አታውቅም፤ የምታውቀው ልጅቷ ናት። ልዩነቱን የማይቀበል ሰው የፈለገው የገጸ ባሕርይዋን አሞሌ ሳይሆን የልጅቷን ድንጋጤ ነው።

ስለ ሌባው ይህን ያህል ካልሁ ስለ ጻድቁም ልበል፤ በእኛ መካከል ይበልጥ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና። ሌባው ወደ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የገባው በ1975 እ.ኤ.አ. «ግሬይሆክ» በተባለ ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። በዚያው መጽሐፍ አብሮት የገባው ፓላዲን ይባላል፤ ፈጽሞ የማይዋሽ፣ ከክፉ ጋር የማይተባበር ቅዱስ ተዋጊ። ፓላዲንን ማንም ቡድን በር ላይ አያስቆመውም። ነገር ግን በአግባቡ ካልተያዘ ከኬንደር የባሰ ነው። ጓደኛው ኬላ ጠባቂውን በዘዴ ሲያዋራ እርሱ መሐል ገብቶ እውነቱን ያፈርጣል። ሌላው እስረኛውን ሊምር ሲል እርሱ ይፈርድበታል። ስድስት ሰው የጀመረውን ታሪክ የአንድ ሰው ስብከት ያደርገዋል። ሲነገረው የሚሰጠው መልስም ያው ነው፦ የገጸ ባሕርዬ ጠባይ ነው። በእርሱ ላይ ደግሞ መናገር ይከብዳል፤ ጽድቅን የተቃወማችሁ ትመስላላችሁና።

ስለዚህ ቡድን የምትመሩ እኅቶችና ወንድሞች፣ «ሌባ አይፈቀድም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። አዲስ ተጫዋች ገጸ ባሕርዩን ይዞ ሲመጣ ሥራው ምን እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁት፦ «ይህ ሰው ሲያጠፋ ማን ይቆጣዋል? እርሱስ ይሰማል?» ሌባ ሆኖ የመጣው «እናቱን ይፈራል» ወይም «የበቅሎ ነጂውን ሽማግሌ ቃል አይተላለፍም» ካለ አስገቡት፤ ኬላው ጋ ስትደርሱ ያስፈልጋችኋል። ፓላዲን ሆኖ የመጣው «ማንም አይቆጣውም፣ አያጠፋምና» ካለ ግን ያን ገጸ ባሕርይ እንደገና ጽፎ እንዲመጣ ንገሩት።